ከ11 ስንት ይቀራል? ብሬድቦርድ ላይ የሚቀመጥ ማይክሮኮንትሮለር ስለመምረጥ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ውስጡ አንድ ብሬድቦርድ (ሽቦና ዕቃ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ)፣ አንድ እፍኝ ጃምፐር ሽቦ እና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስላከችው ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ አለ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ቦርዱን በሁለት አውራ ጣቷ ተጭና ብሬድቦርዱ ላይ ሰካችው። ጥርቅም ብሎ ገባ። ከዚያ ቀይ ሽቦ አነሳች። ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች።

«ጋሼ፣ ሽቦውን የት ልሰካው?»

መሰኪያ የለም። ቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖት ተንፈላሷል። ዋይፋይ አለው፣ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው ብለው ነው የሸጡላት። ውሸት አልነገሯትም። ስፋቱን ግን እሷም አልጠየቀች፣ እነሱም አልነገሯት።

ስለ ቦርድ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነትና ስለ ሜሞሪ ነው። ለጀማሪ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ተራ የአናጢ ጥያቄ ነው፦ ይቀመጣል ወይ? ከተቀመጠስ በኋላ ለሽቦ ስንት ቀዳዳ ይተርፋል?

ማይክሮኮንትሮለር ምን እንደሆነ ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። እዚህ ጎንደር አራዳ ገበያ ያለውን ዲጂታል ሚዛን አስቡት። ሽንኩርት ሲቀመጥበት ቁጥር ያወጣል። ውስጡ ክብደቱን የሚያነብ፣ በዋጋ የሚያባዛ፣ ውጤቱን ስክሪን ላይ የሚጽፍ አንድ ትንሽ ጥቁር ቺፕ አለ። እሱ ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ ከውጭ ጋር የሚገናኝበት እግሩም አንድ ላይ የታጨቀበት ኮምፒውተር። ፌስቡክ አይከፍትም። የሚያውቀው እናንተ የጻፋችሁለትን አንድ ፕሮግራም ነው፤ እሱን ግን ሳይሰለች ይደጋግመዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ፕሮግራሙ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ስለተጻፈ አይጠፋም። እንደ እኛ መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቺፑ ብቻውን ግን አስቸጋሪ ነው። የተስተካከለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራበት መንገድ ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ዩኤስቢ መሰኪያ የጨመረለት ነው ቦርድ የምንለው።

ብሬድቦርድ ደግሞ ቃል በቃል የዳቦ ጣውላ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። የድሮ የፈረንጅ ሬዲዮ ሠሪዎች ከማድ ቤት የዳቦ መቁረጫ ጣውላ አንስተው፣ ሚስማር መትተው፣ ሽቦ ይጠመጥሙበት ነበር። ስሙ ከዚያ ቀረ። ዛሬ የምናውቀው ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የመጣ ነው። ጥቅሙ አንድ ነው፦ ካውያ ሳታሞቁ፣ ስታኞ ሳታቀልጡ ሰክቶ መሞከር፣ ካልሠራ ነቅሎ እንደገና መሰካት።

ከስሩ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ብትልጡት (አትላጡት፤ እኔ ልጬ አይቼላችኋለሁ) ትንንሽ የብረት መቆንጠጫዎች ተደርድረው ታያላችሁ። እያንዳንዱ መቆንጠጫ 5 ቀዳዳ ያገናኛል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ ላይ ያሉ 5 ቀዳዳዎች በኤሌክትሪክ ዓይን አንድ ናቸው። መሃል ላይ እንደ ሸለቆ ያለ ክፍተት አለ። ከሸለቆው ማዶ ያሉት 5 ቀዳዳዎች ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ከወዲህኞቹ ጋር አይገናኙም። ሸለቆው የተሠራው ሁለት ረድፍ እግር ያለው ቺፕ እንዲንፈራጠጥበት ነው፤ ግራ እግሩ ወዲህ፣ ቀኝ እግሩ ወዲያ።

ዳርና ዳር ያሉት ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በብዙ ትልልቅ ብሬድቦርዶች ላይ መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። ቀይዋን ቀለም በዓይናችሁ ተከተሏት፤ መሃል ላይ ከተቋረጠች ውስጡ ያለው ብረትም ተቋርጧል ማለት ነው። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ሴንሰሩ፣ ማለትም የሰካሁት መለኪያ፣ «ሞቷል» ብዬ ስሳደብ አምሽቼ፣ ለካ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ከማይደርሰው ግማሽ ላይ ነበር የተሰካው። አንዲት አጭር ሽቦ መሃሉን አሻገረችና ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ነው። ይሄ የኢንች አንድ አሥረኛ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ዛሬም «የግማሽ ኢንች ቧንቧ» እንደሚለው ሁሉ ኤሌክትሮኒክስም ከኢንች አልተላቀቀም። እስቲ ይህቺን 2.54 ሚሊሜትር አንድ እርምጃ እንበላት። ከግራ ዳር ቀዳዳ ተነስተን ወደ ቀኝ እንራመድ። ግራ ያሉትን 5 ቀዳዳዎች ለመጨረስ 4 እርምጃ። ሸለቆውን ለመሻገር 3 እርምጃ። ቀኝ ያሉትን 5 ለመጨረስ 4 እርምጃ። ድምር 11።

ቦርድ ስትገዙ የሚያስፈልጋችሁ ሒሳብ ይሄው ነው። የቦርዱን ሁለት የእግር ረድፎች ርቀት፣ ከእግር መሃል እስከ እግር መሃል፣ በማስመሪያ ለኩ። ለ2.54 አካፍሉ። ያገኛችሁትን ከ11 ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከቦርዱ ውጭ ለሽቦ የሚተርፈው ቀዳዳ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ተደምሮ።

አርዱይኖ ናኖን እንውሰድ። ረድፎቹ 15.24 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። 6 እርምጃ። ከ11 ሲቀነስ 5 ይቀራል፦ በአንድ በኩል 2፣ በሌላው 3። የተመቸ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ 17.78 ሚሊሜትር ነው፣ 7 እርምጃ። 4 ይቀራል፤ ግራ 2፣ ቀኝ 2። እሱም ደህና ነው። ኢኤስፒ32 የሚባለው ባለ ዋይፋይ ቦርድ በብዙ ፋብሪካ ስለሚሠራ ስፋቱ አንድ ዓይነት አይደለም። 9 እርምጃ የሆነው 2 ቀዳዳ ይተዋል፣ አንድ አንድ በየጎኑ። ጠባብ ነው ግን ይሠራል። 10 እርምጃ የሆነው ግን አንድ ቀዳዳ ብቻ ይተርፈዋል፤ ያም በአንድ ጎን ነው፣ ሌላው ጎን ባዶ እጁን ይቀራል። የእህቴ ልጅ የገዛችው ኖድኤምሲዩ የሚባለው ሰፊው ዓይነት ነው። ለካነው። 27.9 ሚሊሜትር። 11 እርምጃ። ከ11 ስንት ይቀራል?

ሳቀች። ከማዘን ይሻላል።

የሚገርመው የዚሁ የኖድኤምሲዩ ጠባብ ዓይነትም አለ፤ 9 እርምጃ የሆነ። ቺፑ አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ስሙም አንድ፣ ስፋቱ ግን ሌላ። ስለዚህ ስም ብቻ ጠርታችሁ አትዘዙ። ሻጩን «ረድፉ ስንት ሚሊሜትር ይራራቃል?» በሉት። ካላወቀ ከላይ የተነሳ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር ይላክላችሁ። ዕቃ ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ አስጭኖ ኋላ መመለስ ምን ያህል አበሳ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

«ታዲያ ሁሉም ሰው የሚጀምርበት አርዱይኖ ኡኖስ?» የሚል አይጠፋም። ኡኖ ብሬድቦርድ ላይ ጭራሽ አይቀመጥም። ጎኑ ይቀመጥና በሽቦ ይገናኛል። እግር የለውም፤ ያለው ሽቦ የሚቀበል ሴት መሰኪያ ነው። ወንድ እግር ብትበይዱለት እንኳ አይገጥምም፤ በቁጥር 7 እና በቁጥር 8 ፒኖች (የቦርዱ መገናኛ ነጥቦች) መካከል ያለው ክፍተት 2.54 ሳይሆን 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በንድፍ ስህተት የመጣ ነው ይባላል። ስህተቱ ሳይታረም ሰው ሁሉ በዚያው ልክ የሚደረብ ቦርድ መሥራት ጀመረ፣ ከዚያ ወዲያ ማስተካከል ሌላውን ሁሉ ማበላሸት ሆነ።

ስለ አርዱይኖ ካነሳን አይቀር፣ ፕሮጀክቱ በፈረንጆቹ 2005 ኢቭሬያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ነው የተጀመረው። ስሙን ያገኘው መሥራቾቹ ከሚያዘወትሩት ቡና ቤት ነው። ቡና ቤቱ ደግሞ በ1002 የጣሊያን ንጉሥ በሆነው በአርዱይን ስም የተሰየመ ነበር። በንጉሥ ስም መሰየም ጎንደሬን አይገርመውም፤ የእኛን ዘርዝረን አንጨርስም።

ናኖ የኡኖ ታናሽ ወንድም ነው። ቺፑ ያው ኤቲሜጋ328ፒ ነው፣ 16 ሜጋኸርዝ፣ 32 ኪሎባይት ፍላሽ፣ 2 ኪሎባይት ራም። 2 ኪሎባይት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ላሳያችሁ። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የናኖ ራም በሙሉ ለጽሑፍ ቢውል እንኳ 700 ፊደል አይሞላም። ይሄ ጽሑፍ እስካሁን ከዚያ እጥፍ ድርብ አልፏል። ግን ሴንሰር አንብቦ መብራት ለማብራት 2 ኪሎባይት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ናኖ ርዝመቱ 15 ረድፍ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ባለ 400 ቀዳዳው አነስተኛ ብሬድቦርድ 30 ረድፍ ስላለው ግማሹ ለእናንተ ይቀራል።

ፒኮ በጥር 2021 በፈረንጆቹ የወጣ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 4 ዶላር ነበር። ባለ ሁለት ኮር፣ 133 ሜጋኸርዝ፣ 264 ኪሎባይት ራም። ከናኖ ጋር ሲነጻጸር ሀብታም ነው። በፓይተን ቋንቋ ታናሽ ወንድም በማይክሮፓይተን ይጻፍለታል። ላዩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትሰኩት ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ዲስክ ያየዋል፤ ፋይል ጎትቶ መጣል ብቻ ነው። አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አለው። የፒኖቹ ቁጥር የተጻፈው ከሆዱ ላይ ነው። ብሬድቦርዱ ላይ ስትሰኩት ጽሑፉ ይሸፈናል። እኔ ወረቀት ቆርጬ ቁጥሮቹን ጽፌ ከላይ ለጥፌበታለሁ። ርዝመቱም 20 ረድፍ ይበላል፣ በአነስተኛው ብሬድቦርድ ላይ የሚቀረው 10 ነው።

ሌሎችም አሉ። ብሉ ፒል የሚባለው ሰማያዊ ቦርድ እና ቲንዚ 6 እርምጃ ናቸው፣ እንደ ናኖ ይመቻሉ። ሲያዎ የሚባለው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቦርድም 6 እርምጃ ነው፤ ግን 14 እግር ብቻ ነው ያለው። ለጎንደር ሰው የትኛው በቀላሉ ይገኛል የሚለው ከሁሉ በፊት ስለሚመጣ እነዚህ ላይ አልቆይም።

ሰፊውን ቀድሞ የገዛ ሰውስ ምን ያድርግ? አይጣለው። መፍትሔው ሁለተኛ ብሬድቦርድ ነው። የብሬድቦርድ ዳር ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በብዙዎቹ ላይ ተነቃይ ነው። ከሁለቱ የሚገናኙበትን ጎን መስመር አውልቃችሁ ጎን ለጎን አስጠጓቸው። ከዚያ ቦርዱን ድልድይ አድርጉት፤ አንድ እግር ረድፍ በአንደኛው ላይ፣ ሌላው በሁለተኛው ላይ። የእህቴ ልጅ ያደረገችው ይሄንን ነው። ባዶ እጁን የቀረው ቦርድ በአንዴ በየጎኑ ቀዳዳ ተረፈው።

ሌላ ዘዴም አለ። ከቦርዱ ሆድ ስር የሚሸፈኑት ቀዳዳዎች ኤሌክትሪካቸው ይሠራል፤ እጅ ብቻ ነው የማይደርስባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሽቦዎችን ሰክታችሁ ከላይ ቦርዱን መጫን ትችላላችሁ። ይሠራል። ስትሳሳቱ ግን ሁሉንም መንቀል ነው። እኔ አልወደውም።

ቦርዶች ብዙ ጊዜ እግራቸው ሳይበየድ ለብቻው በፌስታል ይመጣል። ፒኮ በተለይ። እዚህ ላይ ካውያ ማምለጫ የለውም። እግሮቹን ብሬድቦርዱ ላይ ሰኩ፣ ቦርዱን ከላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ በይዱ። እግሮቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አሮጌ ብሬድቦርድ ካለ በእሱ ላይ አድርጉት፤ ካውያው አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስታኞው እንደ ትንሽ የድንኳን ጣሪያ ተዳፍቶ ከተቀመጠ ጥሩ ነው። እንደ ዶቃ ድብልብል ካለ አልያዘም። «ፒኑ አይሠራም» ከሚሉኝ ልጆች ብዙዎቹ ቦርዱን ሳይበይዱ እግሩ ላይ እንዲሁ አስቀምጠውት ነው የሚገኙት። የነካ ይመስላል እንጂ አልነካም።

አሁን የልጅቷን ሥራ እንይ። የሮቶ ውሃ መጠን መለኪያ ነው። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እናቷ ሌሊት እየተነሳች በባትሪ መብራት ሮቶው ሞላ አልሞላ ትላለች። ልጅቷ ይሄንን ለማስቀረት ነው የተነሳችው።

ሴንሰሩ ኤችሲ-ኤስአር04 ይባላል፣ ሁለት ዓይን ያለው። አንደኛው ዓይን ሰው የማይሰማው ድምፅ ይረጫል፣ ሁለተኛው ማሚቶውን ይጠብቃል። ሮቶው ክዳን ላይ ወደ ታች አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ውሃው 1 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 5.8 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ቦርዱ ያንን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። የጎንደር ከፍታ ሒሳቡን አያዛባም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት ነው። ቀን 25 ዲግሪ የነበረው ሌሊት 10 ሲወርድ በ1 ሜትር ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ልዩነት ይመጣል። ለሮቶ ችግር የለውም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሴንሰሩ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ መልሱንም በ5 ቮልት ነው የሚሰጠው። የእሷ ቦርድ ግን የ3.3 ቮልት ሰው ነው። እግሩ ላይ 5 ቮልት ሲመጣበት አንዳንዴ ይችለዋል፣ አንዳንዴ ቀስ እያለ ይሞታል፣ አንዳንዴ ወዲያው ይቃጠላል። ኢኤስፒ32ም፣ ፒኮም እንዲሁ 3.3 ናቸው። ናኖ ግን 5 ቮልት ስለሆነ ከዚህ ሴንሰር ጋር ያለ ምንም ጣጣ ይግባባል። ይሄ ከስፋት ቀጥሎ ሁለተኛው መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፦ ስንት ቮልት ነው የሚናገረው?

መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ነው። የሴንሰሩ መልስ በ1 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ቦርዱ ይገባል፤ ከዚያው መገናኛ 2 ኪሎ ኦም ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ ግራውንድ ይወርዳል። 5 ቮልቱ ለሦስት ይከፈልና ሁለቱ እጅ ለቦርዱ ይደርሳል። 3.33 ቮልት። ብሬድቦርድ ላይ ሲሠራ እንዲህ ነው፦ አንድ ነጻ ረድፍ ፈልጉ። እዚያ ረድፍ ላይ የ1 ኪሎውን አንድ እግር፣ የ2 ኪሎውን አንድ እግር እና ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ሽቦ ሰኩ። 5 ቀዳዳ ነበር፣ 3 ተያዘ። የ1 ኪሎው ሌላ እግር ከሴንሰሩ ጋር፣ የ2 ኪሎው ሌላ እግር ከሰማያዊው መስመር ጋር። አለቀ። 2 ኪሎ ከጠፋ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ተከታትሎ ይሰካል።

ለሴንሰሩ 5 ቮልት ከየት ይምጣ? የእሷ ኖድኤምሲዩ ላይ ቪዩ የሚል እግር አለ፤ ከዩኤስቢ የመጣውን 5 ቮልት ቀጥታ ያወጣል። እሱን ወደ ቀዩ መስመር ወሰደችው። ለዘለቄታው ግን ይሄ ባለ ሁለት ዓይን ሴንሰር ለእርጥበት የተሠራ አይደለም። የሮቶ ክዳን ስር እንፋሎት ይጠራቀማል፣ እግሮቹ ይዝጋሉ። ውሃ የማያስገባው ባለ አንድ ዓይን ዓይነት ይሻላል፤ ብቻ ከ20 ሴንቲሜትር ገደማ የቀረበ ነገር ስለማያይ ሮቶው እስከ አፉ ሲሞላ ይሳሳታል። ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ነው።

ኃይልን በተመለከተ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ዋይፋይ ያለው ቦርድ መልእክት ሲልክ ለአፍታ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ኢኤስፒ32ን የሚሠራው ኩባንያ 500 ሚሊአምፒር ማቅረብ የሚችል ምንጭ ይመክራል። ደካማ ቻርጀር ላይ ወይም ቀጭንና ረጅም ገመድ ላይ ከሰካችሁት ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ደግሞ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ሰው ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ኮዱን ያገላብጣል፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው። ፓወር ባንክ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል። ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚወስድ ቦርድ ስትሰኩበት ብዙ ፓወር ባንክ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ይዘጋል።

ስለ ገመድ ከተነሳ፣ አንዳንድ የዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዳታ የሚያሳልፈው ሽቦ ውስጡ የለም። ቦርዱ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ድራይቨር አወረድኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ላፕቶፑን ራሱን ጠረጠርኩ። የጎረቤቴ ልጅ የስልኩን ገመድ ሲያውሰኝ ወዲያው ሠራ። ያ አሮጌ ገመድ አሁን ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ለስልክ ብቻ።

ገመዱ ጥሩ ሆኖም ኮምፒውተሩ ካላየው የዩኤስቢ መተርጎሚያዋን ቺፕ ተመልከቱ። ኮፒ ናኖዎች ላይ ብዙ ጊዜ ሲኤች340 የምትባለው ናት፤ የራሷን ድራይቨር ልትፈልግ ትችላለች። ድራይቨሩ ገብቶም ፕሮግራም አልጭን ካለ፣ በአርዱይኖ ሶፍትዌር ውስጥ ፕሮሰሰር ከሚለው ዝርዝር አሮጌ ቡትሎደር የሚለውን ምረጡ። ከአስር ዘጠኙ እዚያ ላይ ይፈታል ብል አላጋነንኩም፤ ቢያንስ እኔ ጋ የመጡት።

ፒን ሁሉ እኩል እንዳይመስላችሁ። ናኖ ላይ ኤ6 እና ኤ7 የሚባሉት አናሎግ ማንበብ ብቻ ነው የሚችሉት፤ መብራት አብሩ ብትሏቸው አይሰሙም። ኢኤስፒ32 ላይ ከ34 እስከ 39 ያሉት መቀበል እንጂ መስጠት አያውቁም። ቁጥር 0፣ 2፣ 12 እና 15 ደግሞ ቦርዱ ሲነሳ የሚያያቸው ምልክቶች ስለሆኑ፣ እነሱ ላይ የሰካችሁት ነገር ቦርዱን ሳይነሳ ሊያስቀረው ይችላል። ሌላ ፒን ካለ ሌላውን ተጠቀሙ።

ደግሞ የፒን ጉልበት ትንሽ ነው። የናኖ አንድ እግር 20 ሚሊአምፒር ያህል ቢሰጥ ነው። ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) በ220 ኦም ሬዚስተር ማብራት ይችላል፤ 14 ሚሊአምፒር ገደማ ነው የሚፈልገው። ሞተር ግን አይችልም፤ በመሃል እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር ይግባ። የውሃ ፓምፕ ማስነሳት የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ 220 ቮልት ብሬድቦርድ ላይ በፍጹም አይደርስም። መቆንጠጫዎቹ ለእሱ አልተሠሩም፣ ቀዳዳዎቹም ተጠጋግተዋል። ያንን ክፍል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን በዝግ ሳጥን ይሥራው። እርጥብ እጅ፣ ሮቶ እና 220 ቮልት አንድ ቦታ ሲገናኙ አልወድም።

ዛሬ አንድ ቦርድ ግዛልኝ ብትሉኝ፣ ለመጀመሪያ ናኖ እገዛላችኋለሁ። ኮፒውም ይሁን። በ5 ቮልት ይሠራል፣ 5 ቀዳዳ ይተዋል፣ ስህተት ይችላል። ፓይተን የሚያውቅ ሰው ፒኮ ይውሰድ። ዋይፋይ የግድ ከሆነ ጠባቡን ኢኤስፒ32 ፈልጉ፣ ማስመሪያ ይዛችሁ።

የልጅቷ ሥራ አሁን ሮቶው አጠገብ ባለ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ብሬድቦርዶች ጎን ለጎን። ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ። ሮቶው ሞላ፣ ሲሞላ እንዲያሳውቅ የሰካችው ባዘርም (ጩኸት የሚያወጣው ትንሽ ዕቃ) ጮኸ። ግቢው በሙሉ ተነሳ። ጠዋት እህቴ ደወለችልኝ።

«ይሄ ዕቃችሁ ዝም ብሎ መናገር አይችልም?»

ቅዳሜ ሄድኩ። ልጅቷ ባዘሩን ነቀለችው። በዚያው ቀዳዳ ቀይ ኤልኢዲ ሰካች፣ 220 ኦም ጨመረች። ካውያ አላስፈለገም። እህቴ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሆና ቀይዋን መብራት አየቻትና፣ ሌላ ሳትል ቡና ልታፈላ ገባች።